በመጸው ወራት ቢራቢሮና የእሳት እራት እንዴት ይመዘገባል

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አደይ ሜዳውን ስታለብሰው፣ የኑጉ ማሳ ቢጫ ሲሆን ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ቢራቢሮ ሳያይ አይመለስም። ያየውን ጽፎ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ፎቶ የሚያነሳ ሞልቷል፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ፎቶው የት ቦታና በየትኛው ቀን እንደተነሳ ባለቤቱም አያስታውሰውም። ቀጥሎ የምነግርዎ አንድ የገጠር ቦታ ይዘው፣ ቀን ቢራቢሮውን ማታ የእሳት እራቱን ቆጥረው፣ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት በሚችል መልኩ እንዴት እንደሚመዘግቡ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ ስም። መጸው የሚባለው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ይህን ወቅት ጸደይ ይለዋል፤ ጸደይ ግን መጋቢት 26 የሚገባው ነው። በደብተርዎ ላይ የወቅት ስም ብቻ ጽፈው እንዳይተዉት የምለው ስለዚህ ነው። ቀኑን ይጻፉ።

ይህን ወቅት የመረጥኩት አለምክንያት አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ለምለም ቅጠል ሲበላ የከረመው አባጨጓሬ አሁን ክንፍ አውጥቶ ይበራል፤ አበባውም ሳይደርቅ ይጠብቀዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የመልክ ለውጥ ነው። ሜላኒቲስ ሌዳ የሚባለው፣ አመሻሽ ላይ ከቁጥቋጦ ሥር እየተነሳ የሚበር ቡናማ ቢራቢሮ፣ በዝናብ ወራት የተወለደው የክንፉ ሥር ዓይን በሚመስሉ ክቦች ያጌጠ ነው። በደረቁ ወራት የተወለደው ግን ክቦቹ ጠፍተው ቁርጥ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። ዝርያው አንድ ነው፤ ልብሱ ሁለት ነው። መጸው ሁለቱ የሚገናኙበት ወቅት በመሆኑ፣ በየሳምንቱ እየቆጠሩ የሚጽፉ ከሆነ የክረምቱ መልክ በየትኛው ሳምንት እንደቀነሰ፣ የበጋው መቼ እንደበረከተ ከራስዎ ደብተር ያነቡታል።

ሁለተኛው እንግዳ ነው። ቫኔሳ ካርዱዪ ይባላል፤ ብርቱካናማ ሆኖ የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ከመዳፍ የሚያንስ ቢራቢሮ ነው። በአገራችን ደጋም ይታያል። አውሮፓ ሲበርድ ይህ ቢራቢሮ ሜዲትራኒያንንና ሰሐራን አቋርጦ ወደ ደቡብ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከሰሐራ በታች የተያዙትን ክንፋቸው ውስጥ ባለው ሃይድሮጅን መርምሮ ብዙዎቹ ከአውሮፓ የተነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። አባጨጓሬው የበላው ቅጠልና በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ የአገሩን ምልክት በክንፉ ላይ ይተዋል። እርስዎ ማሳ ዳር ቆመው የሚያዩት አንድ ብርቱካናማ ቢራቢሮ የሰሐራን አሸዋ ተሻግሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ተሻግሮ ይሁን እዚሁ ተወልዶ በዓይን አይለይም፤ መቼና ስንት ሆኖ እንደታየ የሚናገር መዝገብ ግን ያስፈልጋል፣ በእኛ ገጠር ደግሞ ይህን የሚጽፍ ሰው እጅግ ጥቂት ነው።

ቦታውን መምረጥ

ሩቅ አይሂዱ። ዓመት ሙሉ ተመልሰው ሊሄዱበት የማይችሉት ቦታ የቱንም ያህል ቢያምር ለመዝገብ አይሆንም። የአያትዎ መንደር፣ የጓደኛዎ ወላጆች ያሉበት ቀበሌ፣ ከከተማ በአንድ ሰዓት የሚደረስበት የደን ዳር ይበቃል። ለአዲስ አበባ ሰው ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ጽዱም ኮሶውም ስላለው ጥሩ ነው፤ ፈቃዱን አስቀድመው ይጠይቁ።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ የቤተ ክርስቲያን ደን ዳር ነው። ብዙ አንባቢ «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የሥነ ምህዳር ሰው ናቸው፤ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ሰፊ ጥናት አድርገዋል። ከእነዚህ ደኖች አንዳንዶቹ ከብት እንዳይገባባቸው ዙሪያቸው በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ለቢራቢሮ ቆጣሪ ያ ካብ ትልቅ ነገር ነው። ነፋስ ይከልላል፣ ድንጋዩ ፀሐይ ይዞ ይሞቃል፣ ከካቡ ወዲህ ማሳ ከካቡ ወዲያ አገር በቀል ዛፍ ስላለ የሁለቱም ዓለም ቢራቢሮ እዚያ ይገናኛል። ጠዋት ክንፋቸውን ዘርግተው ሲሞቁ የሚያገኟቸው ካቡ ላይ ነው።

ሰው ሳያስፈቅዱ ምንም አይጀምሩ። የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም በዚያ ያሉትን አባት መስቀል ተሳልመው፣ ማሳው የማን እንደሆነ ጠይቀው ባለቤቱን ሰላም ብለው፣ በተለይ የማታውን ሥራ ለቀበሌውና ለጎረቤት አስቀድመው ይንገሩ። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላደርግ መብራት ይዤ ስዞር አንድ አዛውንት ዱላቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ በዚህ ጨለማ ምን ጠፍቶህ ነው የምትፈልገው?» አሉኝ። ሳስረዳቸው ነፍሳቱ እንዲያርፉበት ከወጠርኩት ነጭ አቡጀዲ አጠገብ ተቀምጠው እስከ ሦስት ሰዓት ከእኔ ጋር ቆጠሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን መጀመሪያ ቤታቸው ነው የሄድኩት።

የቀኑ ቆጠራ

የቀኑ ሥራ መራመድ ነው። ከ500 ሜትር እስከ 1 ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ መንገድ ይምረጡ፤ የኑግ ማሳ ዳር፣ የጅረት ዳርና የደን ዳር በአንድ ጉዞ ቢነካ መልካም ነው። መንገዱን በደብተርዎ ይሳሉት፣ በሦስት ወይም በአራት ክፍል ይክፈሉት፣ ለየክፍሉ ቁጥር ይስጡት። ከዚያ በኋላ አይቀይሩት። ዛሬ አበባ የበዛበትን መንገድ፣ ነገ ሌላውን ከሄዱ የሁለቱን ቀን ቁጥር ማወዳደር አይችሉም።

አካሄዱ እንግሊዛዊው ኧርኒ ፖላርድ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው ነው፤ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ቢራቢሮዎቿን ስትቆጥር ኖራለች። በዝግታ፣ ሳይቆሙና ሳይሮጡ ይሄዳሉ። በግራ 2 ሜትር ተኩል፣ በቀኝ 2 ሜትር ተኩል፣ ከፊት 5 ሜትር ያለውን ብቻ ይቆጥራሉ። ከዚያ ውጭ ያለው የቱንም ያህል ቢያምር አይቆጠርም። ያለፈዎት ቢራቢሮ ከኋላ ተመልሶ የመጣ ከመሰለዎት አይድገሙት። ይህ ጥብቅነት መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ነገር ግን የዛሬው 12 እና የዛሬ ዓመቱ 12 አንድ ዓይነት 12 እንዲሆኑ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሰዓቱ ከረፋዱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡00 ቢሆን ይመረጣል። በደጋ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ቢራቢሮ አይነሳም፤ ክንፉን ለማንቀሳቀስ ሙቀት ከፀሐይ መውሰድ አለበት። ከ13 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ነፋሱ ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ከሆነ ወይም ካካፋ ለሌላ ቀን ያቆዩት። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል።

የማሳውንም ነገር ይጻፉ። ኑጉ በሙሉ አበባ ላይ ነው? ጤፉ ታጨደ? ከብት ገባ? ኅዳር ላይ ቁጥሩ በድንገት ቢወድቅ ምክንያቱ ብርድ ይሁን አጨዳ የሚለይልዎ ይህች አንዲት መስመር ናት።

የማታው ሥራ

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ቢራቢሮንና የእሳት እራትን ከሚያጠቃልለው ወገን ከአሥሩ ዝርያዎች ዘጠኙ ያህል የእሳት እራት ስለሆኑና ሰው ሁሉ የሚሸሻቸው እነሱን ስለሆነ። «የእሳት እራት» የሚለው ስም ራሱ እሳት ውስጥ ገብተው ሲነዱ ካየ ሰው የወጣ ነው። ለምን ወደ መብራት እንደሚሄዱ ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት በፈጣን ካሜራ ቀርጾ እንዳሳየው፣ የሚበሩ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። በተፈጥሮ ብሩህ የሆነው ሰማይ ከላይ ስለሆነ ይህ ቀና አድርጎ ያበራቸዋል፤ መብራት ሲያገኙ ግን ጀርባቸውን ለመብራቱ እየሰጡ ዙሪያውን ይሽከረከራሉ፣ መውጫም ያጣሉ። ይህን ያወቀ ሰው መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ አብርቶ አይተኛም።

የሚያስፈልግዎ እነሆ። ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ፣ ገመድና ሁለት ካስማ፣ መብራት፣ አምስት ስድስት የእንቁላል ካርቶን፣ ክዳን ያላቸው ብልቃጦች፣ እርሳስና ደብተር። እስክሪብቶ በጤዛ ይደበዝዛል፤ እርሳስ ይሻላል። መብራቱ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ብርሃን የሚበዛበት ቢሆን ይመረጣል፤ የእሳት እራት ሰው የማያየውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ያያልና። ሱቆች የብር ኖት የሚመረምሩበት ትንሽ መብራት ከዚሁ ጨረር ይሰጣል፤ ብቻውን ደካማ ቢሆንም ከተራ ነጭ አምፖል ጋር ሲሆን ይረዳል። ወደ ጨረሩ አፍጥጠው አይመልከቱ። ለራስዎ የሚይዙትን የግንባር ባትሪ በቀይ ፌስታል ይሸፍኑት፤ ቀይ ብርሃን ብዙም አያውካቸውም።

አቡጀዲውን ነፋስ በማይመታው ቦታ፣ ፊቱን ወደ ጫካው ወይም ወደ ገደሉ አድርገው ይወጥሩ። ታችኛው ጫፍ መሬት ላይ እንዲዘረጋ ግማሽ ሜትር ይተዉለት፤ ከባድ ክብደት ያላቸው ወድቀው የሚያርፉት እዚያ ነው። የእንቁላል ካርቶኖቹን በዚያ ላይ ይደፉ። ጉድጓዶቹ መሸሸጊያ ስለሚሆኗቸው ገብተው ይረጋጋሉ።

በእኛ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው በመጸው ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ነው። መብራቱን 12፡30 ያብሩ፣ እስከ 4 ሰዓት ይቁጠሩ። በደጋ ከኅዳር ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድርና ብርዱ ስለሚበረታ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ጨረቃ የሌለበት፣ ደመና ያለበት፣ ሞቅ ያለና ነፋስ የሌለው ምሽት ነው። ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ምሽት ሄደው ትንሽ ቢያዩ ቦታው ባዶ ነው ብለው አይፍረዱበት። በየግማሽ ሰዓቱ አቡጀዲው ላይ ያረፈውን ይቁጠሩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ከዚያ ለአሥር ደቂቃ መብራቱን ያጥፉ። የሚሽከረከሩት ያርፋሉ፣ መሄድ የሚፈልጉትም ይሄዳሉ።

መብራት የማይስበው ደግሞ አለ፤ ለእሱ ማጥመጃው ሽታ ነው። የበሰሉ ሙዞችን ከስኳርና ከጠላ አተላ ጋር ፈጭተው በባልዲ ውስጥ ሁለት ቀን ያቆዩት። ሲመሽ በደረት ከፍታ በዛፍ ግንድ ላይ ይቀቡትና በባትሪ ይመልከቱ። ቀን ላይም አያጥቡት፤ ቻራክሴስ የሚባሉት ጠንካራ በራሪ ቢራቢሮዎች አበባ ከመጎብኘት ይልቅ የፈላ ፍሬ፣ የዛፍ ፈሳሽና እርጥብ እበት ይመርጣሉ፤ ከዛፍ አናት የሚያወርዳቸው ይህ ሽታ ነው።

ስለ ደህንነትዎ ሦስት ነገር። ከ2,000 ሜትር በታች ባለ ቦታ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ወባ የሚበረታበት ነው፤ እጅጌ ረጅም ልብስ ይልበሱ፣ እዚያው የሚያድሩም ከሆነ አጎበር ይዘው ይሂዱ። ጅብ ባለበት አገር ብቻዎን አይቀመጡ። የእሳት እራት ባይነድፍም ጠጉራም አባጨጓሬ ግን ቆዳ ያሳክካልና በእጅዎ አይንኩ።

ሲጨርሱ፣ ብልቃጥ ውስጥ ያስገቧቸውን ሁሉ ከመብራቱ ራቅ ብሎ ሣር ውስጥ ይልቀቁ። እስኪነጋ አቡጀዲውን የሚተው ሰው ወፎቹን ቁርስ ያስለምዳቸዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት ገና ጎህ ሲቀድ መጥተው ይጠብቁታል።

ደብተሩ

አንድ መዝገብ መዝገብ የሚሆነው ምን፣ የት፣ መቼ፣ ማን የሚሉት አራቱ ሲሟሉ ነው። አምስተኛ ቁጥሩን ይጨምሩ። የእኔ ደብተር አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ጥቅምት 23 ቀን 2017፣ ማታ 12፡30–4፡00፣ ከደኑ ካብ በስተምሥራቅ፣ ከፍታ 2,450 ሜትር፣ ጨረቃ የለም፣ ደመናማ፣ 14 ዲግሪ፣ አቡጀዲና አንድ አምፖል፤ ትልቅ ግራጫ ጭልፊት መሰል 2፣ ፎቶ ቁጥር 31–34፤ አረንጓዴ ትንሽ 7፣ ፎቶ የለም።» ስሙን ካላወቁ እንዲህ በመልኩ ይጻፉት፤ ያልታወቀ ነገር አሳሳች ስም ከሚለጠፍበት ሳይሰየም ቢቆይ ይሻላል። ምንም ያላዩበትን ቀንም «0» ብለው ይመዝግቡ። ዜሮ የሌለበት ደብተር ሰውዬው ሳይሄድ መቅረቱን ይሁን ሄዶ ማጣቱን አይለይም።

ሰዓትና ቀን የእኛን አገር መዝጋቢ ከሁሉ በላይ የሚያሳስቱት ናቸው። በመጀመሪያ ዓመቴ አንዳንዱን ሰዓት ከአዕምሮዬ፣ አንዳንዱን ከስልኬ እየገለበጥኩ «7፡30» ብዬ ጽፌ ነበር። በኋላ ሳየው ቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ምሽቱን ይሁን መለየት አልቻልኩም፤ 40 የሚሆኑ መስመሮችን መተው ግድ ሆነብኝ። አሁን «ረፋድ»፣ «ቀን»፣ «ማታ» የሚለውን ሳልጽፍ ሰዓት አልጽፍም። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ። መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ቢሆንም፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት 12 ይሆናል፤ ከዚያም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል።

መለየት

መጀመሪያ አንቴናውን ይዩ። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ እንደ ክብሪት እንጨት ያብጣል፤ የእሳት እራት አንቴና እንደ ክር የቀጠነ ወይም እንደ ላባ የተበተነ ነው። ቀጥሎ ሁልጊዜ ሁለት ፎቶ ያንሱ፤ አንድ ከላይ፣ አንድ የክንፉን ሥር። ብዙ ዝርያ ከላይ ተመሳስሎ ከሥር ይለያያል። መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ አጠገቡ ያድርጉ።

ሰው የሚሳሳትበት አንድ ጥንድ አለ። ዳናውስ ክሪሲፐስ ብርቱካናማ፣ ዳርና ጫፉ ጥቁር፣ በጫፉ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ ነው። አባጨጓሬው ነጭ ወተት የሚያፈሱ መርዛማ ተክሎችን ስለሚበላ ወፍ አይደፍረውም። የሌላ ዝርያ የሆነችው የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴት ደግሞ ይህንኑ መልክ ለብሳ ከወፍ ትድናለች። የኋላ ክንፉ መሃል ላይ 3 ወይም 4 ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ ዳናውስ ነው፤ ከክንፉ የፊት ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ ካለ ሂፖሊምናስ ናት። የእሷ ወንድ ፈጽሞ አይመስላትም፤ ጥቁር ሆኖ ሐምራዊ የሚያንጸባርቅ ጠርዝ ያላቸው ነጭ ክቦች አሉት። ቫኔሳ ካርዱዪም በሩቁ ከሁለቱ ጋር ይምታታል፤ የኋላ ክንፉ ሥር የተሰለፉ ትናንሽ ዓይኖችን ይፈልጉ።

የሎሚ ወይም የብርቱካን ዛፍ ካገኙ ቅጠሉን ይመርምሩ። የፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ትንሽ አባጨጓሬ ቁርጥ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነኩት ከአንገቱ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ብርቱካናማ ቀንድ አውጥቶ ይሸታል። አባጨጓሬም ይመዘገባል፤ ዝርያው እዚያ ቦታ መራባቱን የሚያስረዳው እንዲያውም እሱ ነው። አቡጀዲው ላይ ደግሞ ጀርባው የሰው ራስ ቅል የመሰለ፣ ሲነኩት የሚጮህ ትልቅ የእሳት እራት ሊያርፍ ይችላል። አኬሮንቲያ አትሮፖስ ነው፤ ቀፎ ገብቶ ማር ይጠጣል፣ አባጨጓሬው ድንች ቅጠል ላይ ይገኛል። አይግደሉት።

ለመጽሐፍ የቶርበን ላርሰን የኬንያ ቢራቢሮዎች መጽሐፍ ለእኛም ብዙ ይረዳል። ለእሳት እራት አፍሮሞትስ የተባለው የመረጃ ቋት አለ። ፎቶውን በስልክዎ ኢናቹራሊስት በተባለው መተግበሪያ ላይ ሲጭኑ ቀኑንና ቦታውን ከደብተርዎ ጋር ያስተያዩ፤ የመተግበሪያውን የስም ግምት ግን እንደ መጨረሻ ቃል አይቀበሉ፤ ከአፍሪካ የተሰበሰበው ፎቶ ጥቂት ስለሆነ የአውሮፓን ዝርያ ስም ሊሰጥዎ ይችላል። ነፍሳቱን ይዞ ማድረቅም ሆነ ከአገር ማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለጀማሪ ፎቶው ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በደብተር ብቻ አይቀር። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 በአገራችን ከታየ ወዲህ የበቆሎ ገበሬ ጠላት ሆኗል፤ እሱም የእሳት እራት ነው። ግራጫ ሆኖ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ያለው ወንድ በበቆሎ ማሳ አጠገብ ካዩ፣ ወይም የበቆሎው እምብርት ተበልቶ ፍርፋሪ ካገኙ፣ ስሙን እርግጠኛ ባይሆኑም ፎቶውን በዚያው ሳምንት ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያሳዩ። ባለማሳው ከእርስዎ ቀድሞ መስማት አለበት።

ዘንድሮ አንድ ዳር ብቻ ይምረጡ። እስከ ታኅሣሥ 25 በየሳምንቱ አንድ ቀን ይራመዱ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት አንድ ምሽት አቡጀዲዎን ይወጥሩ። የደብተሩን አንድ ግልባጭ ለደብሩ አባት ወይም ለባለማሳው ይተዉላቸው፤ በሚመጣው መስከረም ያንኑ መንገድ ከእነሱ ጋር ይጀምሩት።